ከወንድምሽ ገልብጪ

አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። አንዱን ወልዳዋለች፤ አንዷን አልወለደቻትም።

ምእመናን፣ አሁን በልባችሁ «እንጀራ እናት» አላችሁ። ፊታችሁ ላይ አየሁት። ስለ እንጀራ እናት ብዙ ተረት ሰምታችሁ አድጋችኋል። በተረቱ ውስጥ እንጀራ እናት ቅቤውን ለልጇ፣ አሬራውን ለእንጀራ ልጇ ትሰጣለች። ይቺ ሴት ግን እንደዚያ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ስለ እሷ አልነግራችሁም ነበር። ስለ ክፉ ሰው ስናወራ «እኔስ እንደሱ አይደለሁም» ብለን ደስ ብሎን ወደ ቤታችን እንገባለን።

ስሟ ፀዳለ ነው። ታሪኩን የነገረችኝ እሷው ናት። «ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ይንገሩት» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ፀዳለ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት። ባሏ ደምሰው የጭነት መኪና ይነዳል፤ ቤቱ ውሎ ከሚያድርበት ጊዜ መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። ናሆም የሚባል አንድ ልጅ ወልደዋል።

ደምሰው ፀዳለን ከማግባቱ በፊት መሐል ሜዳ ከተማ ትኖር ከነበረች ሴት የወለዳት ልጅ ነበረችው። ትርሲት ትባላለች። ይህን ፀዳለ ስታገባው ታውቃለች፤ የተደበቀ ነገር የለም። ልጅቷ እናቷ ዘንድ ታድግ ነበር። በኋላ እናቷ ታመመች። ለብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ቆየችና ዐረፈች። ትርሲት እናቷን ስታስታምም ከትምህርቷ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ደምሰው ሄዶ አመጣት።

ፀዳለ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለቻት። አገላብጣ ሳመቻት። ገላዋን አጠበቻት፣ ጸጉሯን ሠራቻት፣ ከናሆም አልጋ አጠገብ አልጋ ዘረጋችላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ሁሉ ነገር እኩል ሆነ። ጫማ ከተገዛ ለሁለቱም ነው። ሹራብ ከተገዛ ለሁለቱም ነው። ፀዳለ ዳቦ ስትቆርስ ሁለቱን ቁራሽ ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች፤ አንዱ ከበለጠ ከትልቁ ቆንጥራ ለራሷ ትወስዳለች። ጎረቤቱ «ፀዳለስ ትጸድቃለች» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ያየውን ነው የተናገረው።

ትርሲት «እትዬ» ነበር የምትላት። በአንቺታ አታናግራትም። «እትዬ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» «እትዬ፣ ይቀመጡ።» ጎረቤት ይህንንም አደነቀ። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» አለ። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ «እማዬ፣ ስጪኝ» ይላል፣ አንዷ ልጅ «እትዬ፣ ይስጡኝ» ትላለች፤ ሰው ሁሉ ሰምቶ ጨዋነት ነው አለ። ፀዳለም ጨዋነት ነው ብላ ተቀበለችው። «እማዬ በይኝ» አላለቻትም። «አትበይኝ»ም አላለቻትም።

ሁለቱ ልጆች አራተኛ ክፍል አንድ ላይ ገቡ። በዚያ ዓመት ክፍልፋይ መጣ።

ክፍልፋይን ታስታውሱታላችሁ? ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ። ከላይ ቁጥር፣ መሐል ላይ መስመር፣ ከታች ደግሞ ሌላ ቁጥር። ከመካከላችሁ ስንቱ ነው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ሒሳብን የተሰናበተው? ትስቃላችሁ እንጂ ብዙዎቻችሁ ናችሁ።

ፀዳለ ግን ክፍልፋይን በማስተማር የታወቀች ናት። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት «ያልገባው ልጅ ወደ ፀዳለ ይላክ» ይባላል። ትዕግሥቷም ብልሃቷም የተመሰከረ ነው።

አንድ ቀን ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ጠረጴዛው ላይ ደብተራቸውን ዘረጉ። ፀዳለ ከናሆም ጎን ተቀምጣለች። ትርሲት ከማዶ ናት።

«ከአንድ አራተኛና ከአንድ ስምንተኛ የቱ ይበልጣል?» ብላ ፀዳለ ልጇን ጠየቀችው።

«አንድ ስምንተኛ» አለ ናሆም።

«ለምን?»

«ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ ነዋ።»

ፀዳለ ሳቀች። ተነሥታ ነጭ ወረቀት አመጣች። ለሁለት አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው። «ስንት ቦታ ሆነ?» «አራት።» «አንዷን ቅደድና ያዝ።» ሌላ ወረቀት አመጣችና ያንን ደግሞ አንድ ጊዜ ጨምራ አጠፈችው። «ይሄስ?» «ስምንት።» «ከዚህም አንዷን ያዝ። እንግዲህ ሁለቱም ዳቦ ናቸው እንበል። ርቦህ ከትምህርት ቤት መጥተሃል። የትኛዋን ትወስዳለህ?»

ናሆም ሁለቱን ቁራጭ አስተያያቸው። ቀስ ብሎ «ይቺን» አለ፤ ሩቧን አነሣ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ስምንቱ ብዙ ሰው ስለሆኑ ነው ያነሰው!»

«አየህ? ለብዙ ሰው ሲካፈል ድርሻው ያንሳል። መሳሳትህም ደግ ነው። ያልተሳሳተ ሰው ምን ይማራል?» አለችና ግንባሩን ሳመችው።

ትርሲት ከማዶ ሆና ታያለች። ወረቀቱ ግን ናሆም ፊት ነው ያለው፤ እጇ አይደርስም። ደብተሩም ከእሷ በኩል ሲታይ ተገልብጦ ነው።

በማግስቱ ስለ ሲሶና ስለ አንድ ስድስተኛ የሚጠይቅ የቤት ሥራ ተሰጣቸው። ትርሲት የሚበልጠው አንድ ስድስተኛ ነው ብላ ጻፈች። ናሆም ትናንት የተሳሳተውን ስሕተት ነው የተሳሳተችው፤ ልዩነት የለውም።

ፀዳለ ደብተሩን ሳብ አድርጋ አየችው። «ትናንት ስናገር አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

ልጅቷ ወደ እርሳሷ አቀረቀረች።

«ምኑ ነው ያልገባሽ? ንገሪኛ።»

ወገኖቼ፣ ያልገባው ልጅ ምኑ እንዳልገባው እንዴት አድርጎ ይናገር? እሱን ቢያውቅ ገብቶት የለም ወይ? 

«ተይው በቃ» አለቻት ፀዳለ። «ከወንድምሽ ገልብጪ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

አልመታቻትም። አልሰደበቻትም። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እራት መሠራት ነበረበት፣ የነገው ትምህርት መዘጋጀት ነበረበት። ደክሟት ነበር። እናንተስ አይደክማችሁም?

ከዚያን ቀን በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ናሆም ሲሳሳት ወረቀት ይታጠፋል፤ ትርሲት ስትሳሳት «ተይው፣ ገልብጪ» ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጆች ክፍልፋይ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ለእነሱም ወረቀት ይታጠፋል፣ ለእነሱም ይሳቃል፣ ለእነሱም «መሳሳት ደግ ነው» ይባላል። ትርሲት ለእነሱ ወንበር ታመጣለች።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት። ስታዳምጡኝ እናንተም በልባችሁ እየጠየቃችሁት ያለ ጥያቄ ነው።  ፀዳለም እንዲህ አለችኝ፦ «ልጅቷ ስትሳሳት ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ። የሚያስፈነድቅ ደስታ አይደለም። ናሆም እንደሚበልጣት ሳይ ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይረጋጋል። ደምሰው ከእኔ በፊት ከወደዳት ሴት የወለዳት ናት። ያኔ ግን ይህን ለራሴ አልነግረውም፤ ደከመኝ ነበር የምለው።»

ይህን ስትናገር አላለቀሰችም። እንባዋን አስቀድማ ጨርሳዋለች።

ፈተና ደረሰ። ውጤት ሲወጣ የልጆቹ አስተማሪ መምህርት አስካለ ፀዳለን አስጠራቻት።

«ግራ ገብቶኝ ነው የጠራሁሽ» አለቻት። «የትርሲት የቤት ሥራ ሁሉ ትክክል ነው። የፈተና ወረቀቷ ግን ባዶ ነው። ስሟን ብቻ ነው የጻፈችው።»

«እኔ ሁለቱንም እኩል ነው የማስጠናቸው» አለች ፀዳለ። «አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሰዓት።»

«አላጣሁትም። ግን ክፍል ውስጥ ላስረዳት ስጠጋት ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? ‹ይተዉት፣ መምህርት፤ አይድከሙ› ትለኛለች። የዚህ ዕድሜ ልጅ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም።»

ፀዳለ ተናዳ ወጣች። የተከሰሰች መሰላት። መንገዱን ሙሉ ለራሷ ትከራከር ነበር፦ ምን ጎደለባት? ራበች? ታረዘች? ስንቱ አለ የወለደውን እንኳ እንዲህ የማይዝ። ለእያንዳንዱ ጥያቄዋ መልስ ነበራት፤ መልሱም እውነት ነበር። ልቧ ግን አላረፈም።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት፣ ፀዳለ ያጠበችውን ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ወጣች። የተሰጣ አንሶላ ነበር። ከአንሶላው ወዲያ የትርሲትን ድምፅ ሰማች። ልጅቷ ብቻዋን እየተጫወተች ነው። ሁለት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ መሬት ላይ አቁማ፣ በእጇ ስንጥር ይዛ፣ አስተማሪ ሆናለች።

አንደኛውን ፕላስቲክ በስንጥሩ ነካ አደረገችው። በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይዞህ የኔ ጌታ። እንደገና እንየው። ያልተሳሳተ ሰው ምን ይማራል?» አለችው።

ወደ ሁለተኛው ዞረች። ድምፅዋ ተለወጠ። አልተቆጣም፤ ደረቀ እንጂ። «አንቺ ተይው በቃ። ከእሱ ገልብጪ።»

ለሁለተኛው ፕላስቲክ ራሷ መለሰችለት። ቀጭን ድምፅ አድርጋ፣ «እሺ፣ እትዬ» አለች።

ይህን ስትል አላዘነችም። ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም። የክፍል ሥርዓት እንዲያ ስለመሰላት ነው። አንድ ልጅ የሚማር፣ አንድ ልጅ የሚገለብጥ።

ፀዳለ እርጥቡን ልብስ እንዳቀፈች ቆመች። ውሃው በቀሚሷ ላይ ይወርዳል። ድምፁ የእሷ ነው። ቃሉ የእሷ ነው። ሰው የራሱን ፊት በመስታወት ያያል፤ የራሱን ድምፅ ግን ከልጅ አፍ ካልሰማው የት ይሰማዋል?

ልትጠራት አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ልብሱን ሳታሰጣ ወደ ቤት ተመለሰችና መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች።

በዚያው ቀን እራት ሳይደርስ ወንበሯን ከናሆም ጎን አንሥታ ወደ ትርሲት ጎን ወሰደች። ትርሲት የናሆምን ደብተር ሳብ አደረገች። «ልገልብጥ፣ እትዬ?»

«አይ። ዛሬ አብረን ነው የምንሠራው።»

ልጅቷ ፈራች። ያጠፋች መሰላት። ፀዳለ ወረቀት አጥፋ ስትሰጣት በሁለት ጣቷ ጫፍ ያዘችው፤ እንዳይቀደድባት የምትሰጋ ትመስላለች። ሲጠይቋት የምትመልሰው መልሱን አይደለም፤ የፀዳለን ፊት እያየች ደስ የሚላትን ትፈልጋለች። «ሦስት ነው? አራት ነው? እርስዎ ያሉት ነው፣ እትዬ።»

ፀዳለ አላቆመችም። ሳምንታት አለፉ። አንድ ምሽት ትርሲት ወረቀቱን ራሷ አጠፈች። ማንም ሳይነግራት ደግማ አጠፈችው። ዘርግታ አየችውና «ይሄ ሩብ ነው» አለች። ለማንም አይደለም የተናገረችው፤ ለራሷ ነው።

«ጎበዝ» አለቻት ፀዳለ።

ትርሲት ቀና ብላ አየቻት። ቶሎ አልሸሸችም። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን መለሰች። ፀዳለ ያን ጊዜ «ተስፋ አለን» ብላ አሰበች።

ብዙም ሳይቆይ ከመሐል ሜዳ እንግዳ መጣ። የትርሲት እናት ታላቅ እህት ናት፤ ይርገዱ ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ የላትም። ደምሰውም በዚያ ቀን ቤት ነበረ። ይርገዱ ከተቀመጠች በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ እንዲህ አለች፦ «እህቴ ስትሞት ‹ልጄን አደራ› ብላኛለች። ያኔ ባሌን አስታምም ስለነበር ልወስዳት አልቻልኩም። አሁን ብቻዬን ነኝ። ከፈቀዳችሁልኝ ከእኔ ጋር ትሁን።» ወደ ፀዳለ ዞረችና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ደህና አድርገሽ ነው የያዝሽልኝ። ወዟ ይናገራል» አለቻት።

ደምሰው ልጁን ጠራት። «አክስትሽ ልትወስድሽ ነው የመጣችው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ትርሲት ለአባቷ አልመለሰችም። አክስቷንም አላየችም። ዞራ ፀዳለን አየቻት።

ምእመናን፣ እዚህ ላይ አብራችሁኝ ቁሙ። ልጅቷ ፀዳለን አየቻት። ወረቀቱን አጥፋ ቀና ያለች ዕለት እንዳየቻት አየቻት። የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው። «አትሂጂብኝ» የሚል ቃል። ቃሉ ፀዳለ አፍ ውስጥ ነበር። ነገር ግን «ብላት፣ እምቢ ብትለኝስ? በሰው ፊት ‹እሄዳለሁ› ብትለኝስ?» ብላ ፈራች። መምህርት ናት፤ የተከበረች ናት።

«እንደ ፍላጎቷ ይሁን» አለች። «እኔ በመንገዷ ላይ አልቆምም።»

እንዴት ያማረ ንግግር ነው። ይርገዱ «ተባረኪ» አለቻት። ደምሰውም ራሱን ነቀነቀ። ትርሲት ብቻ መሬት መሬቱን አየች። «እንግዲያው ልሂድ» አለች።

ልብሷ ታጠፈ። ከናሆም ጋር ተቃቅፈው ተላቀሱ። ፀዳለን በጉልበቷ በርከክ ብላ ተሰናበተቻት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ብዙ ደከሙብኝ» አለቻት። ሄደች።

ከዚያ በኋላ ናሆም ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን እርሳሱን አስቀምጦ «እማዬ፣ ትርሲትን አሁን ማን ያስጠናታል?» ብሎ ጠየቃት። 

ፀዳለ «ለፋሲካ ሄጄ አያታለሁ» አለች። ፋሲካ ደረሰ፤ ናሆም አሞት ነበር። «ትምህርት ሲዘጋ» አለች። ትምህርት ተዘጋ፤ ክረምቱ ከባድ ሆነ፣ መንገዱ ተበላሸ። «ለመስቀል» አለች። መስቀልም የራሱ ምክንያት ነበረው። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነተኛ ነበሩ። ወገኖቼ፣ ከውሸት ምክንያት ይልቅ እውነተኛ ምክንያት ነው ብዙ ጊዜ የሚያስቀረን። የውሸቱን ሕሊናችን ይነቅፈዋል፤ እውነተኛውን ግን ተደግፈን እንተኛበታለን።

በመጨረሻ ስትሄድ ትርሲት ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ፀዳለ ሹራብ ይዛለች፤ ደብተርና እርሳስም ይዛለች። በአውቶቡስ ላይ የምታስተምረውን ስታሰላስል ነው የሄደችው። ክፍልፋይ ሲደመር፣ ክፍልፋይ ሲባዛ። ከየት እንደምትጀምርላት፣ በምን ምሳሌ እንደምታስረዳት ሁሉ አዘጋጅታለች።

ቤቱን ጠይቃ ደረሰች። ይርገዱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። እህቷ የመጣች ያህል አቅፋ ሳመቻት። ትርሲት ከውስጥ ወጣች። ቁመቷ ረዝሟል። ፀዳለን ስታያት ፈገግ አለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጨዋ ልጅ ፈገግ እንደምትለው። አጎዛ አነጠፈችላት። ውሃ አምጥታ «ይታጠቡ፣ እትዬ» አለቻት።

በልተው ሲያበቁ ፀዳለ ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች።  «ያን ጊዜ ሳንጨርሰው የቀረ ነገር ነበር እኮ። ክፍልፋዩን። ከፈለግሽ እስክሄድ ድረስ አብረን…»

«ተምሬዋለሁ፣ እትዬ» አለች ትርሲት።

«ተማርሽው?»

«አዎ። አሁን አይከብደኝም።»

«ማን አስተማረሽ?»

ትርሲት ወደ አክስቷ አየችና ሳቀች። ፀዳለ ያን ሳቅ በቤቷ ሰምታው አታውቅም። «አክስቴ ምንም አታውቅም ነበር። ‹እስኪ ዛሬ የተማርሽውን አስረጂኝ› ትለኛለች። ላስረዳት ስል ይምታታብኛል። እሷም ይምታታባታል። እንስቃለን፤ እንደገና እንጀምራለን። እንዲህ ስንል ገባኝ።»

«ለአንቺ ገባሽ እንጂ ለእኔ እስካሁን አልገባኝም» አለች ይርገዱ፣ እንዝርቷን ሳታቆም።

ፀዳለ ደብተሩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት ትርሲት እስከ መነኻሪያው ሸኘቻት። ብርድ ነው፤ ነፋስ አለ። ሰው አውቶቡሱን ሲሞላ ፀዳለ የልጅቷን እጅ ያዘች። «ትርሲት፣ ልጄ» አለቻት። «ልጄ» ስትላት የመጀመሪያዋ ነው። «በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ትርሲት ደነገጠች። ከልቧ ነው የደነገጠችው። ልታጽናናት ፈለገች።

«ምን በደሉኝ፣ እትዬ?» አለች። «ምንም አላደረጉኝም እኮ።»

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ፀዳለ ገባች። ያን ቃል ይዛ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ተጓዘች። ምንም አላደረጉኝም እኮ።

ልጅቷ ያጽናናቻት መስሏት ነው። ፀዳለ ግን ሰምታ የፈረደችው በራሷ ላይ ነው። እውነት ነው፤ ምንም አላደረገቻትም። አልመታቻትም፤ በጊዜውም ጎኗ አልተቀመጠችም። አላባረረቻትም፤ «አትሂጂብኝ»ም አላለቻትም። ክፉ አላደረገችም። ምንም አላደረገችም።

አሁን መጨረሻውን እንዳሳምርላችሁ ትጠብቃላችሁ። አውቃለሁ። «ከዚያ ልጅቷ ተመልሳ መጣች፣ ‹እማዬ› አለቻት» እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ። እኔም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላለቻትም። ፀዳለ በየክረምቱ ትሄዳለች። ትርሲት አጎዛ ታነጥፍላታለች፣ ውሃ ታመጣላታለች፣ «እንዴት ከረሙ፣ እትዬ?» ትላታለች። ይቅርታ አላት፤ ፍቅርም በመጠኑ አላት። ነገር ግን አንድ ልጅ እናት የሚፈልግበት ዕድሜ አለ፤ ያ ዕድሜ ተመልሶ አይመጣም። እግዚአብሔር የማይመልሰው ነገር የለም ትላላችሁ። አዎ። እሱ ይመልሳል። እኛ ግን እሱ ይመልሰዋል ብለን እያወቅን ማባከን ተፈቅዶልናል?

እናንተስ?

በቤታችሁ ማን ነው ከማዶ የተቀመጠው? አልጋ የሰጣችሁት፣ ልብስ የገዛችሁለት፣ ማንም ስለ እሱ የማይከስሳችሁ ማን ነው? የሟች ወንድማችሁ ልጅ ትሆናለች። በቤታችሁ የምትሠራው፣ ከልጃችሁ ጋር እኩያ የሆነችው ልጅ ትሆናለች፤ ልጃችሁ ሲያጠና ከበሩ ሥር ቆማ የምትሰማው። ወይም የወለዳችሁት ልጅ ነው፤ ከወንድሙ ይልቅ ዘገምተኛ የሆነው፤ «እሱ እንኳ ለትምህርት አልሆነም» ብላችሁ በሰው ፊት የምታወሩበት። እሱ እኮ ይሰማችኋል። እሱ እኮ የምትሉትን አምኖ ተቀብሎታል።

አባቶች፣ እናንተም አለባችሁ። ደምሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ስንት ጊዜ ተናገረ? ልጁን ሄዶ አመጣት፤ ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። እኛ ወንዶች ልጅን ቤት ድረስ ማምጣት ማሳደግ ይመስለናል።

አንዳንዶቻችሁ «እኔ አልተማርኩም፤ ክፍልፋዩን ከየት አምጥቼ አስጠናለሁ?» ትሉኝ ይሆናል። ያቺ መሐል ሜዳ ያለችው ሴት እስከ ዛሬ አልገባትም። አጠገቧ ተቀምጣ «አስረጂኝ» አለቻት እንጂ ሌላ ምን አደረገች? አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ተምራችኋል፤ የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ እናንተ ጋ መጥቶ ተምሮ ይሄዳል። ለእናንተ ይብስ እፈራላችኋለሁ። ለውጭ ሰው የማያልቅ ትዕግሥት ይዛችሁ ወደ ቤት ስትገቡ ደጃፍ ላይ የምታወልቁት እናንተ ናችሁ።

ዛሬ ቤታችሁ ገብታችሁ እንዴት እንደምትጀምሩ አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ። ወንበራችሁን ማንሣት ነው። ልጁ መጀመሪያ ይፈራችኋል፤ ያጠፋ ይመስለዋል፤ ፊታችሁን እያየ ደስ የሚላችሁን ይመልሳል። ከጎኑ አትነሡ። የዘገየ እናት፣ የዘገየ አባት ፍሬውን ቶሎ አያይም። ፀዳለ ሳምንታት ጠብቃ ያገኘችው አንድ ቀና ማለት ብቻ ነበር። ያ ቀና ማለት ግን ሲመጣ፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ያማረ ንግግር አትናገሩ። የልባችሁን ተናገሩ።

ዛሬ ደክሟችሁ ስትገቡ አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «አልገባኝም» ቢላችሁ፣ ሰባት ጊዜ አስረድታችሁት በስምንተኛው «አልገባኝም» ቢላችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ፈጣሪያችሁን አመስግኑ። ገና ተስፋ አልቆረጠባችሁም። ገና እየጠየቃችሁ ነው።